ከጅማ የሚወጣ ባለ 20 ፊት ኮንቴነር፦ ሰው 320 ጆንያ የሚያስገባው እንዴት ነው?

የሕርማታ ልጅ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር ሳምንቱን ሙሉ ሲያብሰለስለኝ ከረመ። የምታውቁ ምከሩኝ።

ከአጎቴ ጋር ሆነን ከጎማና ከሊሙ ወረዳዎች ያሰባሰብነውን ቡና ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሳችን ስም ላክን። ገዢው የፈለገው 320 ጆንያ ነበር፤ እያንዳንዱ 60 ኪሎ። ኮንቴነሩ እዚሁ ጅማ መጋዘናችን በር ላይ ቆሞ ነው የተጫነው። 300 ላይ ስንደርስ ጫኞቹ "በቃ ሞልቷል" አሉ። እውነትም በሩን የዘጋነው በስንት ግፊያ ነው። 20 ጆንያ መሬት ላይ ቀረ። 12 ኩንታል ማለት ነው።

የማጓጓዣው ዋጋ ግን አንድ ብር አልቀነሰም። የሚከፈለው ለኮንቴነሩ ነዋ! አጎቴ ቁጭ ብሎ ሲያሰላው በእያንዳንዱ ጆንያ ላይ ያረፈው የማጓጓዣ ወጪ፣ 320 ቢገባ ኖሮ ከሚያርፍበት 6.7 በመቶ ገደማ በልጧል። ለትልቅ ላኪ ምንም ላይሆን ይችላል። ለእኛ የጫኝና አውራጅ ክፍያን ሸፍኖ ይተርፋል።

ሁለተኛው ኮንቴነር ሐሙስ ይመጣል። ሌላው ሰው 320 የሚያስገባው እንዴት ነው? ወይስ ባለ 40 ፊት ብንይዝ ይሻላል?

የመጋዘን ሰው | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡48

ወንድሜ፣ መጀመሪያ እኔ ልጠይቅህ። የሞላውን ጆንያ በሜትር ለክተኸዋል? በአንድ ደርብ ስንት ደረደራችሁ? ጆንያው ውስጥ ላስቲክ አለ?

የሕርማታ ልጅ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡05

ጋሼ፣ አልለካንም። ላስቲክ አለው፤ ሽታና እርጥበት እንዳይገባ ገዢው የጠየቀው ነው። በአንድ ደርብ 24 ነበር፣ 12 ደርብ ወጣ። የቀሩትን 12 በሩ ጋ አቁመን ሞላን። ነገ የቀሩትን 20 ለክቼ እመለሳለሁ።

የተሳቢ ሹፌር | ሰኞ፣ ከሌሊቱ 5፡20

በሩ ጋ ያቆማችኋቸውን 12 አስራችኋል? እባካችሁ እሱን ንገሩኝ። ወደብ ላይ በሩን የሚከፍተው ሰው ላይ 60 ኪሎ ሲወድቅ ምን እንደሚሆን አስቡት።

የሕርማታ ልጅ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡30

አላሰርንም ወንድሜ። እግዜር ነው ያወጣን። ከእንግዲህ ይታሰራል።

ልኬቱ ይኸው፦ ርዝመቱ 92 ሳንቲ፣ ወርዱ 57፣ ውፍረቱ ሆዱ ጋ 19። ሃያውም ተቀራራቢ ናቸው።

የመጋዘን ሰው | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡15

ጥፋቱ የጫኞቹ አይደለም። 19ኙ ሳንቲ ላይ ነው ያለው።

በዚህ ሥራ 22 ዓመት ሆኖኛል። የባለ 20 ፊት ኮንቴነር ውስጥ ርዝመቱ 5 ሜትር ከ90 ገደማ፣ ወርዱ 2 ከ35፣ ቁመቱ 2 ከ39 ነው። በሩ ግን ከውስጡ ያጥራል፤ 2 ከ28 ነው። ሰው የሚረሳው እሱን ነው።

አሁን ያንተን ጆንያ እናስገባው። ርዝመቱን በኮንቴነሩ ርዝመት አስተኛው። በወርዱ አራት ጆንያ ጎን ለጎን ይተኛል፤ አራት ጊዜ 57 ማለት 2 ሜትር ከ28 ነው። በርዝመቱ ስድስት ይሄዳል፤ 5 ሜትር ከ52። አንድ ደርብ 24 የሆነው ለዚህ ነው። እዚህ ላይ ልክ ነበራችሁ።

ከፍታው ላይ ተሸነፋችሁ። 12 ጊዜ 19 ማለት 2 ሜትር ከ28 ነው። የበሩን ጉበን ነክታችሁ ቆማችኋል። 12 ጊዜ 24 ደግሞ 288።

የጆንያው ውፍረት 17 ቢሆን ኖሮ 13 ደርብ ይወጣ ነበር። 13 ጊዜ 17 ማለት 2 ሜትር ከ21። ከበሩ በታች ነው፣ ከላይም 18 ሳንቲ አየር ይተርፋል። 13 ጊዜ 24 ደግሞ 312። ስምንት ቀረህ። በሩ ጋ 38 ሳንቲ ክፍት ቦታ አለህ አይደል? እዚያ ጆንያውን በቁሙ አቁመው። አራት በወርድ፣ ሁለት በውፍረት፣ ስምንት። ይኸው 320።

ታዲያ 19ኙ እንዴት 17 ይሆናል? ላስቲኩ ነው። ሠራተኛው ቡናውን ሲሞላ አየሩን አያስወጣም፣ አፉን ጠምዝዞ ያስረዋል። ጆንያው እንደ ከበሮ ይነፋል። በላዩ ላይ ሌላ ብትጭንበትም አየሩ መውጫ የለውም። መፍትሔው ቀላል ነው። ከመታሰሩ በፊት አንድ ሰው ደረቱን ጆንያው ላይ አሳርፎ አየሩን ይጫነው። ከተሰፋ በኋላ ይተኛና በሁለት እጅ ከመሀል ወደ ዳር ይደልደል። ለአንድ ጆንያ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። እኛ ጋ ሁለት ልጆች ሥራቸው ይኸው ብቻ ነው።

ሌላው፣ ከግንባሩ ግድግዳ ጀምራችሁ አጥብቃችሁ ኑ። ክፍተት ካለ በሩ ጋ ይሁን እንጂ ፊት ለፊት እንዳይሆን። አንዱን ደርብ በሌላው መጋጠሚያ ላይ አሳርፉት፣ እንደ ጡብ። ቀጥ ብሎ የቆመ ክምር ፍሬን ሲያዝ ይናዳል።

የኪቶ ፉርዲሳ ተማሪ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9፡40

ጋሼ ያሉትን በወረቀት ሠርቼው ልክ ይመጣል። የ40 ፊቱን ጥያቄ እኔ ልሞክር። ብዙ ሰው 40 የ20 እጥፍ ስለሆነ ይሻላል ብሎ ያስባል። በቦታ አዎ፤ 33 ሜትር ኩብ እና 67 ሜትር ኩብ። በክብደት ግን አይደለም።

አሁን ያሉት አብዛኞቹ ኮንቴነሮች፣ 20ውም 40ውም፣ ከነራሳቸው ክብደት ከ30,480 ኪሎ በላይ እንዳይሆኑ ተወስነዋል። ቁጥሩ በሩ ላይ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ባዶው 20 ወደ 2,250 ኪሎ ይመዝናል፣ ባዶው 40 ወደ 3,800። ስለዚህ 20ው በወረቀት 28 ቶን ገደማ ይችላል። 40ው 26 ተኩል ገደማ፤ እንዲያውም ያነሰ!

አሁን ክብደቱን ለቦታው አካፍሉት። 20ው በአንድ ሜትር ኩብ 850 ኪሎ ያህል ይደርሰዋል፣ 40ው 395 ያህል። የአንተ ጆንያ ልኬት ወደ 17 ሲወርድ በሜትር ኩብ 673 ኪሎ ይመዝናል። ከሁለቱ ቁጥሮች መሀል ነው። እንግዲህ ቡና 20 ውስጥ ቦታ ቀድሞ ያልቅበታል፣ 40 ውስጥ ክብደት ቀድሞ ያልቅበታል። 40 ብትይዝ ከ435 ጆንያ በላይ አይገባም፣ ሲሶው ቦታ ባዶ ይሄዳል። እሱም የመንገዱ ሚዛን ከፈቀደልህ ነው። ከባድ ዕቃ በ20፣ ቀላልና ገዘፍ ያለ ዕቃ በ40 የሚባለው ከዚህ የመጣ ነው።

ኮንቴነር እኔን በጣም የሚማርከኝ ነገር ነው። በ1956 እ.ኤ.አ. ማልኮም ማክሊን አይዲያል ኤክስ በምትባል መርከብ ከኒውዋርክ ወደ ሂውስተን 58 ሳጥን ሲልክ፣ ዕቃ አንድ በአንድ በሰው ትከሻ መጫን ማብቃት ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ዋጋው በሳጥን ሆነ። ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ባዶ ቦታም ከፍለንበታል።

ቡና ቀማሽ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡30

ይቅርታ፣ ሁላችሁም ስለ ቦታ ነው የምታወሩት። እኔ ደግሞ ስለ ቡናው ልናገር።

ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ናት። ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ኮንቴነሩ ከዚህ ተነስቶ ጅቡቲ ሙቀት ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ በባሕር ላይ አድርጎ ወደ አውሮፓ ብርድ ይወጣል። ቡናው ውስጥ ያለው እርጥበት በሙቀት ይወጣና ቀዝቃዛው ጣሪያ ላይ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል። የኮንቴነር ዝናብ ይሉታል። ላይኛው ደርብ ይረጥባል፣ ይሻግታል። ጋሼ የተዉት የ18 ሳንቲ ክፍተት በከንቱ አይደለም። "ትንሽ ቦታ አለ" ብላችሁ 14ኛ ደርብ እንዳትጠቀጥቁበት፣ አደራ!

ስለዚህ ከመጫኑ በፊት የእርጥበት መለኪያችሁን አውጡ። ከ11 እስከ 12 በመቶ መሀል ካልሆነ አትጫኑ። ግድግዳውን በክራፍት ወረቀት ወይም በካርቶን አልብሱት፣ ከላይም ሸፍኑት። እርጥበት የሚመጥ ከረጢት በየጎኑ ስቀሉ። ላስቲክ አለን ብላችሁም አትዘናጉ፤ በመጫን ላይ የተቀደደ አንድ ላስቲክ ይበቃል።

ደግሞ ባዶው ኮንቴነር ሲመጣ አንድ ሰው ውስጥ ይግባና በሩ ይዘጋበት። ብርሃን የሚያይበት ቀዳዳ ካለ መልሱት። ያሽትትም። እኔ አንድ ጊዜ ኬሚካል ተጭኖበት የነበረ ሳጥን "ታጥቧል" ተብሎ ተቀብዬ፣ ቡናው እዚያ ሲደርስ መድኃኒት መድኃኒት ሸተተ። የአንድ ዓመት ልፋት ነበር። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። 20 ጆንያ አትርፋችሁ 320ውን እንዳታጡ።

የመጋዘን ሰው | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡55

እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ። የማሽተቱን ነገር እኔም ዘልየዋለሁ፤ ከሁሉ መቅደም የነበረበት እሱ ነው።

ዋንዛ እንጨት ሥራ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡20

ጥያቄው የቡና ነው፤ ግን ኮንቴነር ስለሆነ ልግባ። እኔ የምሠራው የእንጨት ዕቃ ነው። የጅማን በርጩማ ሁሉም ያውቀዋል። እሱ ከአንድ ግንድ ስለሚቀረጽ አይፈታም፤ አንዱን በአንዱ ላይ ገልብጠን ነው የምንደረድረው። የቡና መደርደሪያ ጠረጴዛ ግን እሠራለሁ፣ ውጭ ላሉ ወገኖቻችን።

ጠረጴዛዬ 60 በ60፣ ቁመቱ 45 ነው። በፊት እንደቆመ እጭን ነበር። ከእግሮቹ መሀል ያለው አየር ሁሉ በዶላር ይጓዝ ነበር ማለት ነው። አንድ ዘመዴ "እግሩ ለምን በብሎን አይሆንም?" አለኝ። አደረግሁት። እግሮቹ ተፈትተው ከገጹ ሥር ሲተኙ ቁመቱ 8 ሳንቲ ብቻ ሆነ። ከባለ 20 ፊቱ 33 ሜትር ኩብ በተግባር ሊሞላ የሚችለውን 28 ብንወስድ፣ እንደቆመ 172 ጠረጴዛ ይገባል። ተፈትቶ 972።

ያን ያህል ትእዛዝ ኖሮኝ አያውቅም። የምልከው ከሌሎች ሰዎች ዕቃ ጋር በጋራ ኮንቴነር ነው፣ የምከፍለውም በሜትር ኩብ ነው። ግን ክፍያዬ ከአምስት እጥፍ በላይ ወረደ። ዕቃውን የሚሠራው ሰው ገና መጋዝ ሲያነሳ ስለ ኮንቴነሩ ቢያስብ ብዬ እመኛለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ፓሌት የምትጠቀሙ ከሆነ እንጨቱ በሙቀት የታከመና ማኅተም ያለበት ይሁን። ልቡ ድረስ 56 ዲግሪ፣ ለ30 ደቂቃ። አለበለዚያ ሲደርስ ነፍሳት ይኖሩበታል ተብሎ ይያዛል።

የሕርማታ ልጅ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡41

እህቴ፣ በጣም ጥሩ ነው! አንድ ሐሳብ መጣልኝ። የእኛ ኮንቴነር ላይ የምትተርፍ ቦታ ካለች ያንቺን ጠረጴዛዎች ብንጨምርስ? ወጪውን እንካፈላለን።

ቡና ቀማሽ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡44

አይሆንም! ቡና ሽታ ይስባል። ቫርኒሽ የተቀባ እንጨት ከቡና ጋር በፍጹም አይዘጋም። ሐሳብህ መልካም ነው፤ ግን ተወው።

ዋንዛ እንጨት ሥራ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡50

ልክ ናት። እኔም እምቢ እል ነበር።

ጂረን | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡15

ጆንያውን ትታችሁ ለምን በላይነር አትጭኑም? ትልቁ ላስቲክ ኮንቴነሩን ከውስጥ ያለብሰዋል፣ ቡናው በንፋስ ማሽን ይነፋበታል። 21 ቶን ይገባል። ከ19.2 ቶን ጋር ሲነጻጸር 9 በመቶ ብልጫ አለው። የጆንያ ዋጋም የለም።

የመጋዘን ሰው | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4፡00

ለትልቅ ፋብሪካ ለሚሸጥ ሰው እውነት ነው። ለዚህ ልጅ ግን አይሆንም። መንፊያ ማሽን ያስፈልገዋል፣ ገዢውም ኮንቴነሩን አዘንብሎ የሚያራግፍበት መሣሪያ ያስፈልገዋል። ደግሞ የጎማውን ከሊሙው ለይቶ ነው የሚልከው። ላይነር ውስጥ ሁለቱም ይደባለቃሉ። ዋጋ የሚያወጣለት የትኛው ቡና ከየትኛው መንደር እንደመጣ በጆንያው ላይ መጻፉ ነው።

የተሳቢ ሹፌር | ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡30

ዛሬ ወልቂጤ ነው ያለሁት፣ መኪና እየተሠራ ነው። ስለ ሚዛን ልናገር።

ቡና ብቻ ከሆነ ችግር የለውም፤ ጆንያው እኩል ስለሚተኛ ክብደቱም እኩል ይከፋፈላል። ድብልቅ ዕቃ ነው አስቸጋሪው። ደንቡ፣ ከጭነቱ ከ60 በመቶ በላይ በኮንቴነሩ ግማሽ ርዝመት ላይ እንዳይሆን ይላል። አንድ ጊዜ ብረታ ብረትና ካርቶን አብረው ጫኑልኝ። ካርቶኑ ቀድሞ ገብቶ ብረቱ ሁሉ በሩ ጋ ቀረ። ከጅማ ስወጣ አልታወቀኝም። ሰኮሩን አልፌ ጊቤ በረሃ ወረድኩ፣ ድልድዩን ተሻግሬ ዳገቱን ስጀምር የፊት መኪናው ጎማ መሬት መያዝ አቃተው። ክብደቱ ሁሉ ኋላ ነዋ! ይንሸራተታል፣ ይንዘረዘራል። ረዳቴ ድንጋይ ይዞ ከኋላ እየተከተለ ነው የወጣነው። እዚያ ገደል ላይ ወደ ኋላ ብንሄድ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር። የጫነው ሰው ያሰበው በሩ መዘጋቱን ብቻ ነበር።

ሌላው ወጪያችሁ ባዶ ጉዞው ነው። ኮንቴነሩ ባዶውን ከሞጆ ድረስ ወደ ጅማ ይመጣል። ከአዲስ አበባ ጅማ ብቻ ወደ 350 ኪሎ ሜትር ነው። ያንንም ባዶ መንገድ የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ፣ ስሙ ተለይቶ ባይጻፍም። ወደ ጅማ ዕቃ በኮንቴነር የሚያስመጣ ነጋዴ አለ፤ እሱ አራግፎ ሳጥኑን ከመመለሱ በፊት እናንተ ብትጭኑበት ሁለታችሁም ትጠቀማላችሁ። የመርከብ ድርጅቱ መፍቀድ አለበት፣ ሳጥኑም ለምግብ የሚሆን ንጹሕ መሆን አለበት። ትራንዚተራችሁን አስቀድማችሁ ጠይቁት። 6 በመቶ በጆንያ አደራደር ታገኛላችሁ። እዚህ ጋ ከዚያ የሚበልጥ አለ።

የኪቶ ፉርዲሳ ተማሪ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 8፡05

ሹፌሩ ያነሳው ድብልቅ ጭነት የሒሳብ ሰዎችን ሳይቀር የሚያስቸግር ነው። መጠናቸው የተለያየ ዕቃዎችን በአንድ ሳጥን ውስጥ ከሁሉ በተሻለ መንገድ መደርደር፣ ዕቃው ሲበዛ ኮምፒውተርም ሁሉንም አማራጭ ሞክሮ የማይጨርሰው ጥያቄ ነው። ስለዚህ ፕሮግራሞቹ ራሳቸው የሚሠሩት ጥሩ ጫኝ በሚሠራበት ዘዴ ነው፦ ትልቁን አስቀድም፣ ከባዱን ከታች አድርግ፣ በቀረው ቀዳዳ ትንሹን ሙላ። እህታችን ዋንዛ ድብልቅ ትእዛዝ ሲኖርሽ ልኬቶቹን ላኪልኝ። ለመመረቂያ ጽሑፌ እየሠራሁበት ስለሆነ በነጻ አወጣልሻለሁ።

ለሕርማታ ልጅ ደግሞ፦ የተረጋገጠ ክብደት ማስመዝገብ እንዳትረሳ። ከጁላይ 1 ቀን 2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ክብደቱ ያልተረጋገጠ ኮንቴነር መርከብ ላይ አይወጣም። ወይ ሙሉውን በምድር ሚዛን ታስመዝናለህ፣ ወይ ሁሉንም ደምረህ የባዶውን ሳጥን ክብደት ትጨምራለህ።

የሕርማታ ልጅ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡10

እሱን እንኳ ሠርቻለሁ። ባዶ ጆንያችን ከነላስቲኩ 800 ግራም ነው። 320 ሲሆን 256 ኪሎ። ባለፈው ይህን ረስተን ቁጥራችን ከሚዛኑ ጋር አልገጥም ብሎ ግማሽ ቀን አስፈትቶናል። የነገው 19,200 እና 256 እና ሳጥኑ 2,250፣ ድምሩ 21,706 ኪሎ።

ዛሬ ሙሉ ቀን አየር ስናስወጣ ዋልን። አጎቴ ራሱ ደረቱን ጆንያው ላይ ጥሎ ሲጫን ነበር። አሁን አብዛኛው 17 ነው፣ ጥቂቱ 17 ተኩል።

የመጋዘን ሰው | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡25

17 ተኩሎቹን ለይተህ ከታች ጫናቸው። የ12 ደርብ ክብደት ሲያርፍባቸው ይወርዳሉ። ከላይ ካደረግሃቸው እንደተነፉ ይቀራሉ።

የሕርማታ ልጅ | ዓርብ፣ ከጠዋቱ 4፡40

320 ገባ! አልሐምዱሊላህ።

ከላይ አንድ ስንዝር ያህል ክፍት ቀርቷል። በሩ ጋ ያቆምናቸውን ስምንቱን በገመድ ከግድግዳው ቀለበቶች ጋር አስረናል፣ ከኋላቸው ያለውን ክምርም እንዲሁ፤ ሹፌር ወንድሜ አስበንህ ነው። ባዶው ሲመጣ እኔው ገብቼ በሩን አዘጋሁብኝ። ጣሪያው ጥግ ላይ የመርፌ ቀዳዳ የምታክል ብርሃን አየሁ። መለስነው። ሌላ እስኪመጣ ስድስት ሰዓት ጠበቅን፣ ጫኞቹ እስከ ማታ ቆዩልን። ተጨማሪ ከፍለናቸዋል፣ ይገባቸዋል።

የባዶውን ጉዞ ነገር ገና አልያዝኩትም። እዚሁ ጅማ መርካቶ አካባቢ የግንባታ ዕቃ በኮንቴነር የሚያስመጣ ሰው አለ አሉኝ። ሦስተኛው ጭነታችን ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ጋሼ፣ ሰውየውን ሳናግር አብረውኝ ቢሆኑ ደስ ይለኛል። እኔን ልጅ ነው ብሎ እንዳይንቀኝ።

የመጋዘን ሰው | ዓርብ፣ ከጠዋቱ 5፡02

አውቀዋለሁ፣ ደህና ሰው ነው። ከጁምዓ ሶላት በኋላ መጋዘን ብቅ በል፣ አብረን እንሄዳለን። የኮንቴነሩን መግቢያ ቀን የያዘ ወረቀት ካለህ ይዘህ ና።